አብሽሪ የማይለው ጀርመን

ግድግዳችን ላይ ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል፤ ሰሃን ያህላል። ዙሪያው ያለው ቀለም ወይቧል፣ እሱ ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራው ሲመለስ እዚያ ቦታ ተሰቅሎ የኖረውን ዕቃ በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው።  እናቴ እሱ ከሄደ ወዲህም ጠዋት ስትነሳ፣ ልማድ ሆኖባት፣ ያን ነጭ ክብ በጥፍሯ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ግድግዳ ምን ይመልስላታል? እኔ ያን ድምፅ ስሰማ ጀርመኑ ይመጣብኛል፤ ከነሹራቡ፣ ከነዚያ የእርጥብ ሱፍ ሽታው። ነይ ተቀመጪ፣ ከሥሩ ልንገርሽ።

ያኔ ወደ አያት ሰፈር አልመጣንም። ወሎ ሰፈር ነበርን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአባቴ ጋራዥ ጀርባ። ግቢያችንን የተቃጠለ ዘይት ሽታ አይለየውም ነበር፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ከኋላ ሰርቪስ ቤት ነበረችን። ጀርመኑ የገባው እዚያች ውስጥ ነው። ያመጣችው ሚስቱ ናት፤ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ከወሎ ወጥታ ዕድሜዋን ጀርመን አገር በነርስነት የጨረሰች። ጡረታ ስትወጣ አገሬ እገባለሁ አለች፣ እሱም ሻንጣውን ይዞ ተከተላት። ድሮ ለኒካው ሲል ሰልሞ ስለነበር ዘመዱ ሁሉ አማቻችን ነው የሚለው። አማርኛ ያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ፂማሙን አባቴን ሳይቀር «አንቺ» እያለ ይጠራው ነበር፣ የጋራዡ ሠራተኞችም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኛ ልጆቹ አንተ እንለዋለን። አንቱ የምትለው እናቴ ብቻ ነበረች።

ሥራው ምን ነበር ትዪኛለሽ? የባሕር የአየር ጠባይ ተንባይ። እኛ ቤት ደግሞ ባሕር ያየ ሰው አልነበረም፤ ለእኛ ባሕር ማለት የትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነው። ሚስቱ ታሪኩን ስታወራ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል። የተወለደው ሰሜን ጀርመን፣ ነፋስ ዛፉን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያጎበጠበት ወደብ ነው አለች። አባቱ አሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ባለበት ወጥቶ በዚያው ቀረ። ልጁ ነፋሱ የት ተደብቆ ነበር እያለ እናቱን ይጠይቃታል። መልስ ሲያጣ ራሱ ሊፈልገው ሄደ። ተምሮ ሲያበቃ ወጣትነቱን መርከብ ላይ ጨረሰው፤ በረዶ ተራራ ሆኖ የሚንሳፈፍበት ባሕር ድረስ ሄዷል፣ ውሃው ለብ ብሎ በሚያድርበትም ከርሟል። ከመርከቡ ላይ ትልቅ ፊኛ ይለቃሉ፤ ፊኛው ደመናውን ሰንጥቆ እየወጣ ከላይ ያለውን ነፋስና ቅዝቃዜ በሬዲዮ ይነግራቸዋል። ኋላ ወደብ ዳር ያለ ቢሮ ገባ። ውቅያኖስ መሃል ያለ ካፒቴን በየት በኩል ልሂድ ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

«መርከብ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም ነበር» ትላለች ሚስቱ።

እሱ ቀና ብሎ ያርማታል። «ይንቀሳቀሳል። መመለሱ ነው ከባዱ።»

እናቴ አጃኢብ ትላለች፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ። እኔም ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ማንም የማያየውን ነፋስ ከሩቅ የሚያይ ሰው ከኋላ ክፍላችን ተኝቷል እያልኩ እገረም ነበር።

ሚስቱ ብዙ አልቆየችም። አገሯን በወጉ ሳትጠግብ ታማ ሞተች። ከሐዘኑ በኋላ ጀርመኑ አገሩ ይገባል ብለን ስንጠብቅ የሰርቪሱን በር ቀለም ይቀባ ጀመር። አባቴ ምነው ቢለው «እሷ እዚህ ናት» አለ፣ ቅቡን ሳያቋርጥ። አባቴም ከጋራዡ ሁለተኛ ብሩሽ አምጥቶ አብሮት ይቀባ ጀመር።

ያ ዕቃ የእሱ ነበር። ሰሃን የሚያህል የነሐስ ክብ፣ ከፊቱ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር አንድ ቀጭን ቀስት። ባሮሜትር ነው፣ የአየርን ክብደት የሚለካ፤ ከመርከብ መርከብ አብሮት የዞረ። ግራ ጫፉ ላይ ወጀብ፣ ቀኝ ጫፉ ላይ ብራ የሚል በጀርመንኛ ተጽፎበታል፤ ሚስቱ ናት በሕይወት ሳለች ለእናቴ ያነበበችላት። እሱ በየጠዋቱ መስታወቱን በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርገዋል። መርከበኞች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ አሉ፣ ቀስቱ አንቀላፍቶ ከሆነ እንዲነቃ። የእሱ ቀስት ግን አይነቃም ነበር። ግራ ጫፍ ላይ፣ ወጀብ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል።

እናቴ ይህን ነገሬ ሳትለው ኖረች፣ ወንድሜ መርከበኛ እስኪሆን ድረስ። አዎ፣ መርከበኛ፤ ባሕር በሌለው አገር። ምህንድስና ተምሮ ሲያበቃ ባሕር ዳር ሄዶ ሐይቁ አጠገብ የመርከብ ሞተር ሠለጠነና አንድ ቀን የውጭ መርከብ ላይ ተቀጠርኩ ብሎ መጣ። አክስቴ ጥፋቱ የጀርመኑ ነው፣ በወሬ ልቡን ሰልቦት ነው አለች። እናቴ ዱዓ አድርጋ ሸኘችው። በማግስቱ ለጀርመኑ ሻይ ይዛ ስትገባ ቀስቱን አየች። ወጀብ ላይ ነው። በሚቀጥለውም ቀን አየች፣ ያው ወጀብ። ትሪው ከእጇ ወደቀ። ለካስ ያ ዕቃ ልጇ ያለበትን ባሕር የሚያሳይ መስሏታል። የባሕር ዕቃ የባሕርን ወሬ እንጂ የወሎ ሰፈርን ምን ሊያወራ?

ጀርመኑ አልሳቀባትም። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና አስረዳት። አየር ክብደት አለው አላት፤ ባሕር ጠረፍ ላይ የቆመ ሰው ከላዩ ብዙ አየር ተሸክሟል፤ እናንተ ግን ቤታችሁን የሠራችሁት ሰማይ አጠገብ ነው። እዚህ ከላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ ይህ ምስኪን ዕቃ ታይቶ የማይታወቅ ወጀብ የመጣ ይመስለዋል። እናቴ ተበላሽቷላ አለች።

«አልተበላሸም» አላት። «አገሩ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ እናቴ ባሮሜትሩን እንደ ስደተኛ ታዝንለት ጀመር። በየጠዋቱ ሰግዳ ስታበቃ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ቀስቱን አይታ ከንፈሯን ትመጣለች፣ ከዚያ ጀርመኑን «ባሕሩ እንዴት አደረ?» ትለዋለች። እሱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የወንድሜ መርከብ የት እንዳለች፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይነግራታል። ደህና ካደረ ደህና አደረ ነው። ተቆጥቶ ካደረ ተቆጥቷል ነው። ትናንት የነገራት ካልሆነም ቀድሞ «ትናንት ተሳስቻለሁ» ይላል፣ ሳትጠይቀው።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት ትዝ ይለኛል። በረንዳው ላይ ነን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የጋራዡ ደጅ ጎርፍ ሆኗል። ጀርመኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ይህ ውሃ ባሕር ነበር አለን። ፀሐይ ከውቅያኖስ ላይ አነሳችው፣ ነፋስ ተሸከመው፣ ተራራችሁ ወጥሮ ያዘው፣ አሁን ቆርቆሯችሁ ላይ ይወርዳል። እናቴ እጇን ከበረንዳው አውጥታ መዳፏ ውስጥ ውሃ አቆረች።

«ልጄ ያለበት ባሕር ነው?» አለችው።

እሱ ቆሞ አሰበ። አዎ ቢላት ምን ነበረበት? «ሊሆን ይችላል» አላት። እናቴ ያን ሊሆን ይችላል ይዛ ውሃውን ፊቷ ላይ አሸችው።  እኔ ወላሂ ዛሬም መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ከያዘኝ ጃንጥላዬን ቶሎ አልዘረጋም፤ ሰው እብድ ይለኛል፣ ይበለኝ።

አሁን አብሽሪ የሚለውን ልንገርሽ። እኛ ጋ ሰው ሲጨነቅ አብሽር፣ አብሽሪ፣ አንቱ ለሚባል ደግሞ አብሽሩ ይባላል። አይዞሽ፣ መልካም ይሆናል ማለት ነው፤ የሚለው ሰው ግን የሚሆነውን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይላል። ለታመመ ይላል፣ ለከሰረ ይላል፣ ፈተና ለወደቀም ይላል። ጀርመኑ ቃሉን ከሚስቱ ተምሮታል፤ ግን ከአፉ አይወጣም። እናቴ «እስቲ አብሽሪ በሉኝ» ስትለው ስለ ነፋሱ ይነግራታል እንጂ ያቺን ቃል አይሰጣትም። አክስቴ ደረቅ ነው ትል ነበር። ደረቅነት እንዳልሆነ ያወቅኩት አውሎ ነፋሱ ሲመጣ ነው።

የወንድሜ መርከብ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ነበረች። ስልክ መደወሉም ቀረ። አባቴ ወሬውን ከቴሌቪዥን ሰማ፤ ወዲያው የዲሹን ሽቦ ነቅሎ ዲሹ ተበላሽቷል አለ። ዘመድ ተጠራርቶ ጋራዡ ውስጥ ተመካከረና ከእናቴ እንዲደበቅ ተወሰነ። ወግ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ክፉ ወሬ እስኪረጋገጥ ይደበቃል፤ ከተረጋገጠ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል፣ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያወቀውን እናቴ ብቻ ሳታውቅ፣ ጎረቤት ለምን እንደበዛባት እየገረማት ሻይ ትቀዳለች። ያልተመከረ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ከእኔ ጋር ማውራት ይወድ ስለነበር አባቴ እኔን ላከኝ። ነገ ስትጠይቀው ባሕሩ ሰላም ነው እንዲላት ለምኚው አለኝ።

ያገኘሁት መንገዱ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተር ወዳለበት ሄዶ፣ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጓል። ማኪያቶው ሳይነካ ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር ይሽከረከራል፣ መሃሉ ላይ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ያለው። አውሎ ነፋሱ ከላይ ሲታይ ነው አለኝ። በአላህ እልሻለሁ፣ ያማረ ነገር ነበር። ማማሩ የበለጠ አስፈራኝ። ወንድሜ ከዚያ ነጭ ነገር ሥር የሆነ ቦታ ላይ ነው፣ እዚህ ደግሞ አስተናጋጇ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

የአባቴን ልመና ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ሳይከድን ሰማኝና ከሚስቱ በቀር ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገረኝ። ወጣት ሳለ፣ ቢሮ ተረኛ በነበረበት ቀን አንዲት የአሣ አጥማጅ ሚስት ደወለችለት። በማግስቱ የልጃቸው ሠርግ ነው፤ ባሏ ነፋሱን ፈርቶ ደሴት ተጠግቶ ቆሟል፤ ለሠርጉ ይደርሳል ወይ አለችው። ድምፅዋ የእናቱን ድምፅ መሰለው። አዘነላትና ሳያውቅ አይዞሽ ይደርሳል አላት። እሷም ለባሏ በሬዲዮ ነገረችው፣ ተንባዩ ራሱ ይደርሳል ብሎኛል ብላ። ባልየው አምኖ ከደሴቱ ተነሳ።

«ደረሰ?» አልኩት።

«ጀልባዋ ደረሰች» አለኝ። «ባዶዋን።»

ቀዝቃዛውን ማኪያቶ ወደ ጎን ገፋው። የሆቴሉ ጄኔሬተር ከውጭ ያጓራል። «እኔ አይዞሽ ካልኩ ሰው ያምነኛል» አለኝ በመጨረሻ። «ስለዚህ ሳላውቅ አልልም። ለእናትሽም አልልም።» ቤት ተመለስኩ። ለአባቴ እምቢ አለ ብቻ አልኩት።

በማግስቱ እናቴ ሻይዋን ይዛ ገባች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «ባሕሩ እንዴት አደረ?» አለችው።

«ከባድ ነው» አላት። አልቸኮለም። ትልቅ አውሎ ነፋስ አለ፤ የልጅሽ መርከብ ጫፉ ላይ ነበረች፤ ካፒቴኑ ወደ ደቡብ ዞሯል፣ እኔም ብጠየቅ ወደ ደቡብ ዙር ነበር የምለው። ከዚያ ወዲያ ግን መርከቧ አትታየኝም አላት።

እናቴ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አብሽሪ አትሉኝም?»

«ዛሬ አልልሽም።»

ትወድቃለች ብዬ ልደግፋት ገባሁ። አልወደቀችም። ደፉ ላይ ተቀመጠችና የት ጋ እንደሆነ አሳዩኝ አለች። እሱ ጣቱን ካርታው ላይ ሲያንቀሳቅስ እሷ በዓይኗ ትከተለዋለች፣ ቁርኣን እንደምትማር ልጅ። አባቴ ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ አክስቴም ይህን ልበ ድንጋይ ከግቢህ አስወጣው አለችው። ያን ጊዜ ነው እናቴ የተነሳችው። ይህ ሁሉ ሰው እያቀፈ ሲዋሸኝ እንደ ሰው የቆጠረኝ እሱ ብቻ ነው አለች። ከዚያ በኋላ መቁጠሪያዋን ይዛ የምትውለው የእሱ ደፍ ላይ ሆነ። ጎረቤቶቹ ሁሉ በየተራ አብሽሪ ይሏታል፣ እሷ ግን የምትሰማቸው አይመስለኝም ነበር። የምትጠብቀው የአንድ ሰው አብሽሪ ነው።

ከዚያ ያ ማለዳ መጣ። ሱብሂ ተሰግዶ አልቋል፣ ገና ሰው ከሰው በቅጡ አይለይም። የውጭው በር ተንኳኳ። እናቴ ቀድማ ወጣች፣ እኔ ከኋላዋ። ስትከፍተው ጀርመኑ ቆሟል። ከኋላው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ከእነሱም ኋላ ሌሎች ሰዎች። 

የዚህን ትርጉም እናቴ አሳምራ ታውቀዋለች። የማይዋሸው ሰው ደግሞ ከፊት ቆሟል። በሩ ሥር ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከጀርባዬ አባቴ «ልጄን፣ ልጄን» ሲል ሰማሁ።

ጀርመኑ ደነገጠ። ተንበርክኮ እጇን ያዛት። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ጀርመንኛ ነው፣ ማንም አልገባውም። ቃል ይፈልጋል። ከዚያ አገኘው።

«አብሽሪ» አላት። እጇን አጥብቆ ያዘ። «አብሽሪ። አብሽሪ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። ያ ቃል ከእሱ አፍ ከወጣ ልጇ በሕይወት አለ፤ በቃ። ግንባሯን እጁ ላይ ደፍታ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። ማልዶ ወደ ሆቴሉ ሄዶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የመርከቧ ምልክት ካርታው ላይ ተመልሷል፤ ከአውሎ ነፋሱ ወጥታ በደቡብ በኩል እየሄደች ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባውም አጣርቶ ሁሉም ሰው ደህና ነው ብሎ ጽፎለታል። ቶሎ ልንገራት ብሎ ሲሮጥ ከመስጊድ የሚወጡትን ሽማግሌዎች አገኘ። ምነው አሉት። ደስታው አማርኛውን አጠፋበት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ በእጁ ኑ፣ ኑ ብቻ አላቸው። በዚያ ሰዓት የሰው እንባ ያየ የእኛ አገር ሽማግሌ ምን ያስባል? ጋቢውን ተከናንቦ ተከተለው። መርዶ በትንሽ ሰው አይነገርምና በመንገዳቸው ያገኙትን ሁሉ እየጨመሩ መጡ። ጀርመኑ ደግሞ ሰፈሩ ደስታውን ሊካፈል የተከተለው መስሎት ከፊት ከፊት ይሮጣል።

ይህ ሲታወቅ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። እሱ ብቻ አልሳቀም። ወጉን ስናስረዳው ፊቱ ነጣ። «ታዲያ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነበረብኝ?» አለ።

«የለም» አለችው እናቴ፣ ጭቃዋን ሳታራግፍ። «እንዲህ ያለውን ከእንቅልፌም ቢሆን ቀስቅሱኝ።»

ከዚያ በኋላ ዓመታት አብሮን ኖረ። አብሽሪን ግን ዳግመኛ ሲል አልሰማሁትም። የሞተው ሆስፒታል ነው፣ በአንድ ብሩህ ከሰዓት፣ እኔና አባቴ አጠገቡ ሆነን። ባሮሜትሩን ለእናትሽ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ነገ ማለዳ እኛ እንነግራታለን አሉኝ። እኔ ግን በቀጥታ ቤት ገባሁ። በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። «እማዬ፣ ጀርመኑ ሞተ፣ አሁን ነው» አልኳት። እጇ ምስሩ ውስጥ ቀረ። «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። በነጋታው ከሚስቱ ጎን ቀበርነው።

የወሎ ሰፈሩ ቤታችን ለመንገድ ፈርሶ አያት ስንገባ ከዕቃው ሁሉ መጀመሪያ የተሰቀለው ባሮሜትሩ ነው። ቀስቱ ያው ወጀብ ላይ ተጋድሞ። የእናቴ ዓይን እየደከመ መጣ፣ እሷ ግን በየጠዋቱ ኳ ኳ ማድረጓን አልተወችም። ወንድሜ ዛሬ የመርከብ ዋና መሐንዲስ ሆኗል፣ ፀጉሩም ሸብቷል። ባለፈው ሳምንት በፎጣ ሲጠቀልለው፣ አገሩ ላድርሰው ብሎ ነው።

ትናንት ከጅቡቲ ቪዲዮ ላከልን። በባቡር ይዞት ሲወርድ፣ ድሬዳዋን አልፈው ቁልቁል ሲሉ ቀስቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተነሳ። ቪዲዮው ላይ ባሮሜትሩ ወደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ባሕሩ ይሰማል፣ የሆነ ወፍ ይጮኻል። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«የት ላይ ነው?» አለችኝ።

«ተነስቷል እማዬ። ወደ ብራ ይላል።»

ጣቷን አጥፋ ስክሪኑን ኳ ኳ አደረገችው። ስልክ አይደል፣ ሲነኩት ቪዲዮው ቀጥ አለ። ባሕሩ ዝም አለ፣ ቀስቱም እዚያው ብራው አጠገብ ቆመ። ላስተካክልላት እጄን ስዘረጋ በክንዷ መለሰችኝ። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ወዳለው ነጭ ክብ ዞረች።

«አብሽሩ» አለች ቀስ ብላ። «አገሩ ገብቷል።»